የዕብራይስጥ የተጸውዖ ስሞች በቤተ እስራኤል ዘንድ

የዕብራይስጥ የተጸውዖ ስም ብዙ ጊዜ ምስጋና፣ ልመና ወይም ምስክርነት ይዟል። ዳንኤል «ዳኛዬ አምላክ ነው»፣ ናትናኤል «አምላክ ሰጠ» ማለት ነው። ወንድ ልጅ ስሙ የሚወጣለት በስምንተኛው ቀን፣ በተገረዘ ዕለት ነው። ታልሙድ ክፉ ፍርድን ከሚሽሩ ነገሮች መካከል ከምጽዋትና ከጸሎት ጋር ስም መለወጥን ይቆጥራል፤ በጽኑ ለታመመ ሰው «ሐይም» (ሕይወት) የሚል ስም የመጨመር ልማድም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስላል። ኦሪት ለማንበብ የሚጠራ ሰው ከነአባቱ ስም ይጠራል፤ ለበሽተኛ ሲጸለይ ግን የእናቱ ስም ይነሳል።

የቤተ እስራኤል የስም ለውጥ

ከ1984 እስከ 1985 (እ.ኤ.አ.) በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች)፣ በተለይ ልጆች፣ በመርካዝ ክሊታ (የመጤዎች መቀበያ) እና በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ወጥቶላቸዋል። አንዳንዱ ስም በትርጉም ተመሳስሎ ነው፤ ለወርቅነሽ ዘሃቫ፣ ለደስታ ሲምሓ እንደሚስማማው ማለት ነው። ሌላው በድምፅ ይቀርባል፤ የቀድሞውን ጨርሶ የማይመስልም አለ።

ከባዱ ነገር የቤተሰብ ስም ነበር። በኢትዮጵያ ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይታወቃል፤ በእስራኤል ቅጽ ላይ ግን የቤተሰብ ስም የግድ ስለነበረ የአያት ወይም የአባት ስም ቦታውን ያዘ። ስምን ከአባት ስም ጋር መጥራት በምኩራብ ዛሬም የሚሠራበት የአይሁድ ሥርዓት መሆኑ እዚህ ላይ ሊዘነጋ አይገባም።

የአማርኛዎቹ ስሞች በመንፈሳዊ ይዘት ያንሳሉ ማለት አይቻልም። ተመስገን ምስጋና ነው፤ ልጅ ከሞተ በኋላ የተወለደው ካሳ ወይም ምትኩ የሚባለው እናቱን ለማጽናናት ነው። በኋላ ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ወደ ልጅነት ስማቸው ተመልሰዋል፤ ሁለቱንም የሚጠቀሙም አሉ።

በኢየሩሳሌም

የስም ለውጥ በኢየሩሳሌም ሰፈሮችና ጎዳናዎችም ይታያል። ቤተ እስራኤላውያን ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንዱ ፒስጋት ዘኤቭ ነው። የተሰየመው በጽዮናዊው መሪ በዘኤቭ ዣቦቲንስኪ ሲሆን፣ የሩሲያኛ ስሙ ቭላዲሚር ነበር። ዘኤቭ በዕብራይስጥ ተኩላ ማለት ነው፤ ኦሪት ዘፍጥረት ብንያምን በተኩላ ይመስለዋል።

ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ባለበት የኢትዮጵያ ጎዳና ዕብራይስጥን ለዕለት ንግግር ያበቃው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ኖሯል። የትውልድ ቤተሰቡ ስም ፐርልማን ነበር። በ1882 የተወለደውና በዕብራይስጥ ብቻ ያደገው ልጁ ቤን ጽዮን ኋላ ኢታማር ቤን አቪ ተባለ፤ «አቪ» በዕብራይስጥ «አባቴ» ሲሆን፣ ሦስቱ ፊደላቱም የአባቱ ስም መነሻዎች ናቸው።