ስለ ማሪብ ግድብ መፍረስና መታደስ

ከጡዋል ወሰን ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከየመን ተራሮች ማዶ፣ በበረሃው አፋፍ ላይ ማሪብ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። የሳባ መንግሥት መናገሻ የነበረችው ይህች ከተማ የለመለመችው በዝናም ብዛት አልነበረም፤ ከተራራ የሚወርደውን የዳናን ጎርፍ በአፈርና በድንጋይ ግድብ አግደው፣ በሰሜንና በደቡብ ባሉት የድንጋይ በሮች ወደ እርሻ ይመሩት ስለ ነበረ ነው እንጂ። የግድቡም ርዝመት 600 ሜትር ያህል ነበረ።

ስለ መፍረሱ ዐረቦች አይጥ ሥሩን ቦርቡራ ናደችው ሲሉ በተረት ይናገራሉ። እውነተኛው ታሪክ ግን በድንጋይ ተቀርጾ ቈይቷል። ኤዱዋርድ ግላዘር የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ በ1888 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ማሪብ ገብቶ ጽሑፎችን ገለበጠ፤ በ1897ም ስለ ግድቡ መፍረስ የሚናገሩትን ሁለቱን አሳተመ። የተጻፉበትም ፊደል ለግእዛችን ፊደል የቅርብ ዘመድ ነው።

ከሁለቱ አንዱን ያስጻፈ አብርሃ ነው። የናግራን ክርስቲያኖች በ523 ከተፈጁ በኋላ ዐፄ ካሌብ በ525 ባሕር ተሻግረው ነበርና፣ በዚያ ከቀረው የኢትዮጵያ ሠራዊት መካከል ተነሥቶ የነገሠ ሰው ነው። በሒምያር ዘመን 657፣ ማለት በ547 ገደማ፣ ዐመፅ ተነሥቶበት ሲዋጋ የግድቡ መፍረስ ተነገረው። ነገዶችን ለሥራ ጠርቶ ወደ ማሪብ ወረደ፤ በከተማይቱም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ተደረገ፤ ከዚያም አለቱ እስኪገኝ ድረስ መሠረቱን አስቈፈረ።

ነገር ግን በሥራው መካከል ቸነፈር ገባ። ሊቃውንት ይህን በ541 በግብፅ ታይቶ በ542 ቍስጥንጥንያን ከመታው ታላቅ መቅሠፍት ጋር ያያይዙታል። ንጉሡ ሕዝቡን በግድ ይዞ አላስቀረም፤ ወደየአገሩ አሰናበተው እንጂ። ቈይቶም ነገዶቹ ተመለሱ፤ የኢትዮጵያ፣ የሮምና የፋርስ መልእክተኞችም ወደ እርሱ መጡ። ሥራው በ548 ተፈጸመ። ለሠራተኛው ቀለብ የወጣው ዱቄት ብቻ ከ50 ሺህ መስፈሪያ በላይ መሆኑ በድንጋዩ ላይ ተቈጥሮ ተጽፏል።

ከዚህ በኋላ ግድቡ ዳግመኛ ፈረሰ፤ የሚያድሰውም አልተገኘም፤ እርሻው ጠፋ፤ ሕዝቡም ተበተነ። የመፍረሱ ምክንያት የአንድ ቀን ጎርፍ ብቻ አልነበረም። ጎርፉ በየዓመቱ ያመጣው ደለል እርሻውንም የወንዙንም ወለል ከፍ እያደረገ፣ ግድቡም አብሮ እንዲያድግ እያስገደደ፣ በመጨረሻ ከሰው ጉልበት በላይ ሆነ።

በ1986 ከጥንቱ ስፍራ በላይ አዲስ ግድብ ተሠራ። የሰሜኑ የድንጋይ በር ግን በ2015 በጦርነት ተጐዳ፤ በ2023ም የማሪብ ቅርስ በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች ተቈጠረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። ጥፋት እንደ ደለል ጥቂት በጥቂት ይከማቻልና ሳይበዛ መጥረግ ይገባል። ሁለተኛውም ይህ ነው፤ ግድብን የሚጠግን ንጉሥ ብዙ ነው፤ ሥራው ሳያልቅ ለታመመው ሕዝብ ሲል እጁን ያነሣ ግን ጥቂት ነው።