ስኬርዌር

ስኬርዌር፦ ተጠቃሚን አስደንግጦ ገንዘብ የሚቀበል ሐሰተኛ ሶፍትዌር። አብዛኛውን ጊዜ አንቲቫይረስ መስሎ ይመጣል። አንድ ድረ ገጽ እያነበቡ ሳለ ድንገት መስኮት ይከፈታል፤ በጥቂት ሰከንድ «ፍተሻ» ይጨርስና ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተወሯል ይላል። ማጽዳት ከፈለጉ ይክፈሉ! መለያው እዚህ ላይ ነው፦ ድረ ገጽ የኮምፒውተርዎን ሃርድ ዲስክ ሊፈትሽ አይችልም፤ የሚያዩት የተዘጋጀ ሥዕል ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 የከሰሳቸው የዊንፊክሰርና የኤክስፒ አንቲቫይረስ ሻጮች ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን በዚህ መንገድ አታለዋል። ማክ ተጠቃሚዎችም አልዳኑም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ማክ ዲፌንደር የተባለው ስኬርዌር መጣባቸው።

መስኮቱ ላይ ያለ ምንም ነገር አይጫኑ፤ «ዝጋ» የሚለውም ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ብሮውዘሩን ከታስክ ማናጀር ይዝጉት። ፕሮግራሙ ከተጫነ ግን ኢንተርኔት ያቋርጡ፣ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ አስነስተው አንኢንስቶል ያድርጉት፤ ከዚያም ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ ያካሂዱ። የካርድ ቁጥር ሰጥተው ከሆነ ከሁሉ በፊት ባንክዎ ጋ ይደውሉ፤ ፕሮግራሙ ቢጠፋም ቁጥሩ በሌቦቹ እጅ ነው።