ከመርፌው በኋላ ያሉት ሰዓታት

የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ደጋ የሚያውቅ ሰው ስለ አገሩ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያነሣው ብርዱን ነው። መርሐቤቴ ቁልቁል ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ ቆላ ይሆናል፤ የመንዝ አምባ ግን ከባሕር ወለል 3000 ሜትር በላይ ተዘርግቶ ነፋስ ይጠጣል። እዚያ ገብስ ይዘራል፣ በግ ይረባል፤ የበጉ ፀጉር ይፈተልና ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ ይሆናል። ስለ በርኖሱ ግርማ ብዙ ተወርቷል። እኔ ዛሬ የማወጋው በልብሱ ስፌት ውስጥ ስለሚያድረው ነው፤ ስለ ቅማል፣ ቅማልም ስላመጣው በሽታ፣ በሽታውም ሐኪሞችን ስለጣለበት ጭንቅ።

በደጋ ክረምት ልብስ ታጥቦ አይደርቅም። ሰው በአንድ ቤት፣ በአንድ እሳት ዙሪያ፣ አንዳንዴም በአንድ ባና ሥር ተጠጋግቶ ያድራል። ቅማል የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የሰውነት ሙቀት ሲበዛበት ወይም ሬሳው ሲቀዘቅዝበት ጥሎ ይሄዳል፤ ትኩሳት የያዘውን ሰው ትቶ ወደ ጤነኛው ይሻገራል። የሚገርመው፣ ይህን በሽታ የሚያስተላልፈው በንክሻው አይደለም። ሰው ሲያክክ ወይም በጥፍሩ ሲያደቀው ነው ደሙ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ወጥቶ በተቧጠጠ ቆዳ የሚገባው። እናት የልጇን ልብስ ገልብጣ ቅማል ስትለቅም፣ ያ የፍቅር ሥራ ራሱ የበሽታ በር ሊሆን ይችላል።

በሽታው ግርሻ ይባላል። ስሙ ጠባዩን ይናገራል። በድንገት በብርድና በትኩሳት ይጀምራል፤ ራስ ይፈልጣል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ጣፊያ ያብጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳቱ በረድ ይልና ቤተ ሰቡ እፎይ ይላል። ሳምንት ያህል ቆይቶ ያገረሻል። በወረርሽኝ ጊዜ ሳይታከሙ ከቀሩት ከ100 ሰዎች 30 ወይም 40 ሊሞቱ ይችላሉ፤ በጊዜው ከታከሙ ግን የሟቾቹ ቁጥር ከ5 በታች ይወርዳል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ተሕዋሱን በ1868 በርሊን ላይ በታማሚ ደም ውስጥ ያየው ኦቶ ኦበርማየር ነበር፤ እንደ ጠመዝማዛ ክር ሆኖ በአጉሊ መነጽር ሥር ይወራጫል። ማከሙ ደግሞ ቀላል ይመስላል፤ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም አንድ ጊዜ የሚወሰድ ቴትራሳይክሊን ይበቃዋል።

ጭንቁ የሚመጣው ከመርፌው በኋላ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ታማሚው ከቀድሞው ብሶበት ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ልቡ ይጋልባል፣ ይቃዣል። ቀጥሎ ሰውነቱ ይግላል፣ በላብ ይጠመቃል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። በዚህ ሰዓት የሚሞት አለ። ይህን ነገር በሌላ በሽታ፣ በቂጥኝ ሕክምና ላይ፣ አዶልፍ ጃሪሽ በ1895፣ ካርል ሄርክስሃይመርም በ1902 ጽፈውት ስለ ነበር የሁለቱን ስም ይዞ ቀረ። ሄርክስሃይመር የፍራንክፈርት አይሁዳዊ ሐኪም ነበር፤ በስተርጅና ናዚዎች ወደ ቴሬዚንሽታት አግዘውት በ1942 እዚያው ሞተ። ስሙ ግን በየሐኪም ቤቱ እስከ ዛሬ ይጠራል።

አንባቢዬ ራሱን በሐኪሙ ቦታ ያስቀምጥ። ታማሚው መድኃኒት ካልተሰጠው ሊሞት ይችላል፤ ከተሰጠውም ማዕበሉን የሚቀሰቅሰው ሐኪሙ በገዛ እጁ ነው። ፈጣኑን ቴትራሳይክሊን ይምረጥ? ተሕዋሱ ከደም ቶሎ ይጠፋል፣ በሽታውም እምብዛም አያገረሽም፤ ማዕበሉ ግን ይበረታል። ዘገምተኛውን ፔኒሲሊን ይምረጥ? ማዕበሉ ለዘብ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ይረዝማል፣ የማገርሸቱም ዕድል ይጨምራል። ግፊቱ ሲወርድ በደም ሥር ፈሳሽ ይጨምር? በሽታው የልብን ጡንቻ ጎድቶት ከሆነ ፈሳሹ ሳንባ ውስጥ ይሞላል።

ዓለም ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያገኘው በአብዛኛው ከእኛ አገር ነው። በ1960ዎቹ ማብቂያ ኤልድሪድ ፓሪ፣ አንቶኒ ብራይሰን፣ ፒተር ፔሪን፣ ዴቪድ ዋረልና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ላይ በታማሚዎቹ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ልብን፣ ትንፋሽን፣ ግፊትን በየሰዓቱ ለኩ፤ በ1970ም አሳተሙት። ሃይድሮኮርቲዞን ማዕበሉን እንደማያስቀር ታወቀ። በ1983 ተክሉ፣ ሀብተ ሚካኤልና የውጭ ባልደረቦቻቸው ሜፕታዚኖል የሚባል የሕመም ማስታገሻ እንደሚያለዝበው ጻፉ። በ1992 ደግሞ በማዕበሉ ሰዓት ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለው የሰውነታችን የራሱ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ እንደሚያሻቅብ ታየ። እንግዲህ የሚጎዳው የተሕዋሱ ሞት የቀሰቀሰው የሰውነት ቁጣ ነው ማለት ነው።

በ1996 የወጣው የዶክተር ዳንኤል ፈቃደና የባልደረቦቻቸው ጥናት ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚስበው ነው። ያንን ንጥረ ነገር የሚያከሽፍ ፀረ አካል ከፔኒሲሊኑ አስቀድመው ለ20 ታማሚዎች ሰጡ፤ ለ29ኙ አልሰጡም። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱን ማዕበሉ መታቸው፤ ከተሰጣቸው 20 ሰዎች ግን 10ሩን ብቻ። ፀረ አካሉ የተገኘው ከበግ ደም ነበር። በጎቹ ከመንዝ አልሄዱም፤ ቢሆንም ፀጉሩ ለቅማል ቤት የሆነው እንስሳ በደሙ መድኃኒት ሆኖ መመለሱን ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

ነገሩ ከግርሻ አልፎ ይሄዳል። በዚያው ዘመን በሀብታም አገሮች የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ይኸው ሐሳብ በደም መመረዝ ላይ ተሞክሮ ሐኪሞቹን አሳዝኗቸው ነበር። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት ሰዓቱ ይመስለኛል። ደሙ የተመረዘ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ማዕበሉ ከተነሣ በኋላ ነው። የግርሻን ማዕበል ግን ሐኪሙ ራሱ ስለሚያስነሣው መቼ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ሊቀድመው ይችላል።

ያ ፀረ አካል ለደጋው ጤና ጣቢያ አልደረሰም። የደረሰው ከሁሉ ቀላሉ ምክር ነው፤ ታማሚው ከመርፌው በኋላ 24 ሰዓት ተኝቶ ይቆይ፣ ብድግ አይበል፣ አጠገቡ ሰው ይኑር። ግፊቱ በወረደበት ሰዓት ድንገት ቢቆም ወድቆ ሊሞት ይችላልና። ምክሩ በቃል ቀላል ነው። ዛሬ መሐል ሜዳም ዓለም ከተማም ሆስፒታል አላቸው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2010 ጀምሮ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ያሠለጥናል። ሆኖም መርፌውን ተወግቶ፣ ከብቱን ለጎረቤት ትቶ የመጣ ገበሬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳገቱን ልውጣ ሲል ማን ይይዘዋል? አስታማሚ የምንለው ሰው እዚህ ላይ ከመድኃኒቱ አይተናነስም።

ግርሻ በ1991 ደርግ ሲወድቅ በተማረኩ ወታደሮች ካምፕ ውስጥ ተቀጣጥሎ ነበር። በ2015 ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ በተሰደዱ ወጣቶች ልብስ ተሸሽጎ ጀርመንና ጣሊያን ገባ፤ በሽታውን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ ሐኪሞችም የአዲስ አበባውን ጥናት እየጠቀሱ ስለ ታማሚዎቻቸው ጻፉ። ለስደተኞቹ አዲስ ልብስ ተሰጣቸው፤ አሮጌው ተወሰደ። ልብስ ሳይለበስ ሳምንት ከሰነበተ ቅማሉ በረሀብ ያልቃል። ሱፍ ደግሞ ቢቀቀል ይኮማተራል። ባናው አንድ ብቻ ለሆነ የመንዝ ሰው፣ በነሐሴ፣ ሳምንት ረጅም ነው።