ሮምን ለልጆች ከየት እንጀምርላቸው?

የአክሱም ሐውልት ሮም የገባው ያለ ቪዛ ነው። ፋሺስቶች ከወደቀበት አንስተው በመኪና ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋ በመርከብ ወደ ናፖሊ፣ ከናፖሊ ሮም አደረሱት። ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ ላይ ተተከለ። የባንክ ስቴትመንት የጠየቀው የለም፤ የመመለሻ ቲኬትም አላሳየም። የካቲት 1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድድ ነበር። ሐውልቱ አገሩ የገባው ግን ሚያዝያ 1997 ነው። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጁ ሲሆን እናገራለሁ።)

እኛ ሮምን የምንፈልጋት ለአራት ቀን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ሴት ልጃችንና የ8 ዓመት ወንድ ልጃችን። ለአራት ቀን የምንሰበስበው ወረቀት አንድ ፋይል ሞልቷል፦ የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የጋብቻና የልደት ሰርተፊኬት፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የሆቴል ቡኪንግ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ። የቪዛው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ላልሞላው ልጅ 45። ትልቋ ፋይሉን አገላብጣ አየችና «አባቢ፣ እነሱ ወደኛ ሲመጡስ ምን ምን አመጡ?» አለችኝ።

ሮም ለቤተሰብ የምትመች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። ዋና ዋናው ቦታ በእግር ይዳረሳል። የመንግሥት ሙዚየሞች ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ የየትም አገር ዜጋ ይሁን፣ በነጻ ናቸው። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጁ ጋር ሆኖ ሜትሮና አውቶቡስ አይከፍልም። ውሃ በየመንገዱ ዳር ከሚፈሰው ቧንቧ በነጻ ትቀዳለህ። የቀረን ጊዜውን መምረጥ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ሮም ትቀቅላለች፤ መስከረም ትምህርት ይከፈታል። ስለዚህ ጳጉሜን ላይ ወደቅን።

እማዬ ስትሰማ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እንቁጣጣሽን ሰላቶ አገር?» አለች። አባቷ አርበኛ ነበሩ፤ ያሳደጓት በአምስቱ ዓመት ታሪክ ነው። አትሂዱ አላለችም። ሲቆይ «ሂዱ በቃ። ግን ለልጆቹ ምን ብላችሁ ልትነግሯቸው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የጉዞ እቅድ ማለት ሆቴልና ቲኬት ይመስለኝ ለነበርኩት ሰውዬ ትልቁ ሥራ ይሄ ሆነ።

የሮም የጉብኝት ዝርዝር እኮ ቀላል ነው፦ ኮሎሲየም፣ የትሬቪ ፏፏቴ፣ ፓንቴዮን፣ ጄላቶ። ልጆች ግላዲያተር ይወዳሉ፤ የኔዎቹም ይወዳሉ። ችግሩ ሌላ ነው። ኢትዮጵያዊ ልጅ ይዘህ ሮም ውስጥ ብዙ ሳትራመድ ከራስህ ታሪክ ጋር ትጋጫለህ፤ ያውም እነሱ በጻፉት ሰሌዳ ላይ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር የመጣ ሰው የሚወርደው ቴርሚኒ ጣቢያ ነው። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ እንደማለት ነው። አምስት መቶ የተባሉት ጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ቱሪስቱ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ የሚያልፈው በአሉላ ድል ላይ ነው። እዚያው አቅራቢያ የመታሰቢያ ሐውልታቸው አለ። ሐውልቱ የጥንት ሮማውያን ከግብጽ ያመጡት የዳግማዊ ራምሴስ ድንጋይ ነው። አፍሪካን ሊወርሩ ሄደው ለሞቱ ወታደሮች የቆመው ድንጋይ ራሱ ከአፍሪካ የተወሰደ ነው።

በሰሜን ምሥራቅ በኩል «የአፍሪካ ሰፈር» የሚሉት አለ። ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያሌ ኢትዮጵያ፣ ቪያሌ ሊቢያ፣ ቪያ አስመራ እያለ ይቀጥላል። የቅኝ ግዛት ካርታቸውን አስፋልት አድርገው ሰዎች ተከራይተው ይኖሩበታል። ከሳን ጆቫኒ ባዚሊካ ተነስቶ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ቪያ ዴል አምባ አራዳም ይባላል። የካቲት 1928 ዓ.ም. እንደርታ ላይ የራስ ሙሉጌታ ጦር በቦምብና በመርዝ ጋዝ የተደበደበበት አምባ ነው። በጣሊያንኛ «አምባራዳን» የሚል ቃል አለ፤ ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለት ነው። ከዚያ ውጊያ ስም የመጣ ነው ይባላል። የሮም እናት የልጇ ክፍል ሲዝረከረክባት «ምን ዓይነት አምባራዳን ነው!» ልትል ትችላለች፤ ተራራውን ግን አታውቀውም።

እኛስ? አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳ እንሄዳለን፣ መርካቶ እንገዛለን፣ ካዛንችስ እንቀጣጠራለን። መርካቶ የጣሊያንኛ «ገበያ» ነው፤ ካዛንችስም ለጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች የቀረ ስም ነው። ልጆቼ ሦስቱንም ስም የሚያውቁት ጣሊያን የሚባል አገር ካርታ ላይ ከማየታቸው በፊት ነው። ሁለቱም ከተማ የሌላውን ስም ተሸክሞ ይኖራል። ልዩነቱ እዚያ ስሙን የሰጡት ራሳቸው መሆናቸው ነው፤ እዚህም የሰጡት እነሱ መሆናቸው።

እና ይሄን ሁሉ ለስምንት ዓመት ልጅ ከየት ትጀምርለታለህ?

በዘመን ቅደም ተከተል ልሂድ ካልኩ መነሻዬ ዶጋሊ ነው። ከዚያ ዓድዋ፣ ከዚያ አምባ አራዳም። ትንሹ ልጄን አውቀዋለሁ፤ ከዚህ የሚያወጣው የኳስ ውጤት ነው። ስንት ለስንት ሆነ? ማን አሸነፈ? የመልሱ ጨዋታ መቼ ነው? ትልቋ ደግሞ መርዝ ጋዝ የሚለውን ከሰማች በኋላ ቀሪውን ጉዞ ከተማዋን በዚያ ብቻ ነው የምታየው። ልጅ መጀመሪያ የምታሳየው ነገር ቀሪውን የሚለካበት ሜትር ይሆናል። ቁስሉን መዝለል አልፈልግም፤ ከቁስሉ መጀመርም አልፈልግም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የፊደል ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጉልላት ላይ ለመውጣት 551 ደረጃ አለ፤ ገንዘብ ጨምረህ የመጀመሪያውን ክፍል በሊፍት ትወጣለህ። ከላይ ሆነህ ወደ ኋላ፣ ወደ ቫቲካን የአትክልት ስፍራ፣ ስትመለከት በዛፎች መሐል የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንጻ ይታያል። ከባዚሊካው ጀርባ ደግሞ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ነው። በቅጥር ውስጥ ስለሆነ እንደ ልብ አይገባበትም፤ እኛ ከላይ ማየት ይበቃናል።

ለልጆቹ የምነግራቸው እዚያ ላይ ነው። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው እዚህ ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513፣ መዝሙረ ዳዊት። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ፊደሉን የተማረው እዚሁ ሮም ከነበሩ የኛ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 እና 49 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን አሳተሙ። ከመቶ ዓመት በኋላ አባ ጎርጎርዮስ እዚሁ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ የአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት ከሁለቱ ወዳጅነት ተነሳ። ልጆቼ ሮም ውስጥ መጀመሪያ የሚያገኟቸው ኢትዮጵያውያን አስተማሪዎች ይሆናሉ። ምርኮኛም ወታደርም ያልሆኑ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው «ሀ በሉ» ያሉ ሰዎች።

ሁለተኛው ቀን የኮሎሲየምና የጄላቶ ነው። ታሪክ የለም ማለቴ አይደለም፤ የኛ ታሪክ የለም። ልጅ ያረፈበት ቀን ያስፈልገዋል፤ ሮም ደግሞ የኛ ቁስል ብቻ አይደለችም።

ሦስተኛው ቀን ከባዱ ነው። ጠዋት ዶጋሊ ሐውልት እንሄዳለን። ከለገሃር ተወስዶ የነበረው የይሁዳ አንበሳ የቆመው እዚህ ሐውልት ሥር ነበር፤ ሰኔ 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ ሰይፍ የመዘዘውም እዚሁ። እኛ ትምህርት ቤት የሰማነው ዘርዓይ ብዙ ፋሺስት ገድሎ እንደወደቀ ነው። መዛግብቱን የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ሰዎች እንዳቆሰለ፣ ተይዞም በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንደተዘጋበት፣ በ1937 ዓ.ም. ሲሲሊ ውስጥ እንደሞተ ነው። ለልጆቹ የምነግራቸው ይሄኛውን ነው። በዚያ ዘመን በጠላት ዋና ከተማ መሐል ብቻውን የአገሩን አንበሳ አይቶ የተንበረከከ ወጣት፣ የገደላቸውን ቁጥር ሳንጨምርለትም ትልቅ ነው። ውሸት የተጨመረበት ጀግና ልጅ ሲያድግ ይፈርስበታል፤ ያኔ እውነቱም አብሮ ይሄዳል።

ከሰዓት አምባ አራዳም መንገድ ላይ አጠር ያለ ጉዞ እናደርጋለን። መርዝ ጋዝ ምን እንደሆነ ለትልቋ እነግራታለሁ፤ ለትንሹ «ሰው ላይ መርዝ ከሰማይ ጣሉ» ይበቃዋል። «ታዲያ ስሙን ለምን አላነሱትም?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ያኔ የጊዮርጊዮ ማሪንኮላን ታሪክ አመጣላታለሁ። እናቱ ሶማሊያዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ነበሩ። ሮም ውስጥ ተምሮ ፋሺስትና ናዚን የሚዋጋ አርበኛ ሆነ፤ ጦርነቱ በአውሮፓ በይፋ ሊያበቃ አራት ቀን ሲቀረው የጀርመን ወታደሮች ገደሉት። እዚህ አካባቢ የተሠራው የሜትሮ ጣቢያ አምባ አራዳም ሊባል ታስቦ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሰዎች ተቃወሙ፤ የከተማው ምክር ቤትም ጣቢያው በማሪንኮላ ስም እንዲሰየም ወሰነ። መንገዱ አሁንም አምባ አራዳም ነው። ልጄ ሁለቱንም እንድታይ እፈልጋለሁ፦ ያልተነሳውን ሰሌዳና፣ ይነሳ ብለው የጮኹትን ጣሊያኖች። «ሰላቶ» በሚለው አንድ ቃል ሁሉም አይገባም። ይሄን ለእማዬም ነግሬያታለሁ። «እሱስ እውነት ነው» አለች፤ «አባቴም ያዳነው ጣሊያን ነበር ይል ነበር።» ስሙን ታውቂዋለሽ ወይ ብላት አታስታውስም።

አራተኛው ቀን ጳጉሜን 5 ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ቀኑን የያዝኩት አስቤበት ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ውድድሩ የተካሄደው በምሽት ነበር፤ በአፒያ ጎዳና የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ አራት ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ፣ ሲያድግ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆኖ፣ በጣሊያን ወታደሮች ችቦ ብርሃን ሮጠ። ከመጨረሻው ትንሽ ቀደም ብሎ የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ ከሞሮኮው ራዲ ተነጥሎ ወጣ። አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ሐውልቱን አይቶ ለማፈትለክ ምልክት እንዲያደርገው ነግሮት ነበር ይባላል። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ላይ ገባ።

ዛሬ ፖርታ ካፔና ላይ ሐውልቱ የለም። ግንቦት 1994 መብረቅ መታው፤ በኋላ ተፈትቶ በሦስት ቁራጭ፣ በሦስት በረራ አክሱም ገባ፤ ነሐሴ 2000 ላይ ቆመ። አጠገቡ የነበረው የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ሕንጻ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል። ለልጆቼ ከከተማዋ ሁሉ ላሳያቸው የምጓጓው ይሄን ባዶ ቦታ ነው። ሌላው ቦታ ሁሉ የተወሰደ ነገር የቆመበት ነው፤ እዚህ የተመለሰ ነገር ያልቆመበት ነው። ሰዎች ለ50 ዓመት ያህል ደብዳቤ ጽፈው፣ ተከራክረው፣ ተሰልፈው ያገኙት ባዶ ቦታ። አያቴ በጠመንጃ የጀመሩትን ሌሎች በወረቀት ጨረሱት። ልጄ ስለ ፋይላችን ላነሳችው ጥያቄም ያለኝ መልስ ይሄው ነው፤ ወረቀት አሰልቺ ነው፣ ግን ሐውልት ይመልሳል።

ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ በእግር አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራታችንም እንሄደዋለን። ትንሹ በባዶ እግሬ ካልሮጥኩ ብሏል። እናቱ ጠርሙስ ስባሪ አለ፣ አይሆንም ትላለች። ትልቋ ከፊት ሄዳ መንገዱን ልታይለት ቃል ገብታለች። የጫማው ጉዳይ ገና አልተቋጨም፤ ቪዛውም አልወጣም።