እንደምን ከረማችሁ

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ጠጠር ማለት ሲጀምር፣ ብዙ ጊዜ ያልተያዩ ዘመዳሞች በተገናኙ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የሚለዋወጡት ቃል «እንደምን ከረማችሁ» የሚለው ነው። ዛሬ ይህን ሰላምታ በማናቸውም ወራት እንናገረዋለን፤ ሳምንት ብቻ ያልተያየ ሰው እንኳ ይለዋል። ሥሩን ብንመረምረው ግን የራሱ ታሪክ ያለው ቃል ሆኖ እናገኘዋለን። ከረመ ማለት በግዕዝ ክረምቱን በአንድ ስፍራ አሳለፈ ማለት ነው። ክረምትም ዝናም የሚዘንምበትን ወራት ከማመልከቱ በላይ ዓመት የሚል ትርጉም አለው፤ የሚመጣውን ዓመት «ከርሞ» ማለታችን ከዚያው የተገኘ ነው። ስለዚህ ሰላምታው በመጀመሪያ የሞላ ወንዝ ለይቷቸው የቆዩ ሰዎች ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ ይቈያል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን በእነዚህ ሦስት ወራት ነጋዴም ሆነ ሠራዊት፣ መልእክተኛም ሆነ ሙሽራ ከቤቱ ርቆ አይሄድም ነበር። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ንጉሡ በየዓመቱ የከረመበትን ስፍራ እየጠራ የሚጽፈው ስለዚህ ነው። ጎንደር ራስዋ በዐፄ ፋሲል ዘመን በ1628 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ነው የነገሥታቱ ቋሚ መቀመጫ የሆነችው፤ ከዚያ አስቀድሞ መንግሥቱ በበጋ በድንኳን ይዞራል፣ በክረምት ይሰፍራል። ለባላገሩ ደግሞ ክረምት ማለት ከወንዝ ማዶ ያለች እኅቱ ትውለድ ትሙት ሳያውቅ የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር።

ይህ ነገር በአገው ምድር ላይ ይበልጥ ይጸናል። አገሩ ደጋና ዝናመ ብዙ ነው፤ የአባይም ምንጭ ከዚያው አጠገብ በሰከላ ከግሽ ተራራ ሥር ይፈልቃል። የእስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ይህን ምንጭ ለማየት በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1770 በግንቦት ወር ተነሥቶ ጦርነት ስላሰናከለው ተመለሰ፤ ክረምቱን በጎንደር ከርሞ በጥቅምት ማለቂያ እንደ ገና ተነሣና ምንጩን አየ። እርሱ ከጻፈው ሁሉ እኛን ደስ የሚያሰኘን ግን የወንዙ ነገር ሳይሆን የምንጩ ሹምና ካህን የነበሩት ሽማግሌ ነገር ነው። ከፍለ አባይ ይባሉ የነበሩት እኚህ የሰባ ዓመት ያህል አዛውንት፣ ሰማንያ አራት ወይም ሰማንያ አምስት ልጆች ሳይኖሩኝ አይቀርም ብለው እንደ ነበር ብሩስ ይነግረናል። አንዱን ልጅ በቁጥር የተጠራጠሩ አባት በክረምት መጨረሻ የስንቱን ደኅንነት ጠይቀው ይጨርሱ ነበር! በዓመትም አንድ ጊዜ የየጎሣው አለቆች በእኚሁ ካህን ዘንድ ተሰብስበው ጥቁር ጊደር ያርዱ እንደ ነበረ ጽፏል። ዘመዳሞች በዓመት አንድ ጊዜ መሰብሰባቸው እንግዲህ ከሥር የነበረ ነው።

አዊዎች ራሳቸውን «ሰባት ቤት አገው» ይላሉ። በአፈ ታሪካቸው እንደሚተረከው ከአንድ አባት የተወለዱ ሰባት ወንድማማቾች አንከሻ፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ መተከል፣ ኳኩራ፣ አዘናና ዚገም የሚባሉትን አገሮች አቅንተዋል። እንዲህ ያለው ሕዝብ ዘመድ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ጎረቤቱን ብቻ አይደለምና የመገናኛ ስፍራ ያስፈልገው ነበር፤ ያም ስፍራ ገበያ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል የምትገኘው አዲስ ቅዳም ስሟን ያገኘችው ከቅዳሜ ገበያዋ ነው። ማክሰኚት፣ ሐሙሲት፣ አርብ ገበያ የሚባሉትን ከተሞች ያየ ሰው ገበያ እንዴት አድርጎ ከተማ እንደሚወልድ ያስተውላል። ገብሱን ወይም ድንቹን ተሸክሞ የመጣ ሰው ከሸቀጡ ይልቅ ወሬው ይከብደው ነበር ብንል የተጋነነ አይሆንም። እስከ ቀትር ድረስ ምንም ሳይሸጥ እየተሳሳመ የሚቆም ሞልቷል።

አንዳንድ የከተማ ሰው ይህን ረጅም ሰላምታ ጊዜ ማባከን ነው ይላል። በዚህ አንስማማም። በጎጃም ርስት በትውልድ ይያዝ ነበር፤ መሬት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ በሽማግሌ ፊት ማስረዳት ነበረበት። ጋብቻም ቢሆን እስከ ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ ካልታወቀ አይፈጸምም። እንግዲህ ማን ከማን እንደ ተወለደ፣ ማን የት እንደ ሄደ ሳይጠይቅ ሁለት ሦስት ክረምት ያሳለፈ ሰው የሚያጣው ወሬ ብቻ አልነበረም፤ ልጁ የሚያርሰውን መሬትና የሚዳርበትን ቤትም ጭምር ያጣ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ጎጃሜው እስከ ማመፅ የደረሰው፣ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይጠፋብኛል ብሎ ስለ ሰጋ ጭምር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ በሆነ ጊዜ ትውልድ የመቁጠር ሕጋዊ ጥቅም አበቃ። ሰላምታው ግን አላጠረም።

የሚጠየቀው ነገር እርግጥ ተለውጧል። ዱሮ ከሰው ቀጥሎ የሚጠየቀው ከብቱና አዝመራው ነበር። ዛሬ በፋግታ ለኮማ ገበሬው እርሻውን ዲከረንስ በሚባለው ግራር ሸፍኖ ከሰሉን እስከ አዲስ አበባ ስለሚሸጥ፣ በቅርቡም ዛፉን በሽታ ስለ ገባበት፣ «ዲከረንሱስ?» የሚለው ጥያቄ ከላምና ከበሬው ቀድሟል። መንገድና ድልድይ ስለ ተሠራ ወንዝ ማንንም አይለይም፤ ስልኩም በየኪሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ለስልክ አልተገዛም፤ እርሱም መርዶ ነው። ዱሮ ወንዝ እስኪጎድል ይቆይ የነበረው መርዶ ዛሬም ሰውየው አገሩ እስኪገባ ይቆይለታል።

ባንድ መስከረም ወደ አጎታችን ደውለን እንደ ልማዱ እንደምን ከረማችሁ አልናቸው። ሁሉን በየስሙ እየጠሩ ደኅንነቱን ነገሩን። ስለ አክስታችን በጠየቅን ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ደኅና ናት። ልጄ፣ ዘንድሮ ለመስቀል ብቅ ብትል መልካም ነው» አሉን። ከመሥሪያ ቤታችን ፈቃድ ጠይቀን ተነሣን፤ አዲስ ቅዳም የደረስነውም በገበያው ቀን ነበር። በገበያው መካከል ያገኘን ዘመድ ሁሉ አቅፎ ሳመን፤ ስለ ሥራችን፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ መንገዱ ጠየቀን፤ እኛም ስለ ድንቹና ስለ ዲከረንሱ ጠየቅን። የአክስታችንን ስም ማንም አላነሣም፤ እኛም አላነሣን። ማታ እራት በልተን ተኛን። ሽማግሎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችንን ያንኳኩት በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ነበር።