የ«ተቀበል» ሥርዐት በሰሜን ሸዋ

ስለ አዝማሪ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የሚያደንቀው ከአፉ ፈጥኖ የሚወጣውን የራሱን ግጥም ነው። ነገር ግን በአንኮበር፣ በደብረ ብርሃንና በአካባቢያቸው፣ እንደ ሌላውም የአማራ አገር ሁሉ፣ አዝማሪ በሠርግና በድግስ የሚፈተንበት አንዱ ነገር የሌላ ሰው ግጥም ነው። ይኸውም «ተቀበል» የሚባለው ሥርዐት ነው።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። አዝማሪው መሰንቆውን ዝግ አድርጎ እየገዘገዘ ሲጠባበቅ፣ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይልና አንድ ወይም ሁለት ስንኝ ያለ ዜማ ይነግረዋል። አዝማሪውም አንድ ጊዜ ብቻ የሰማውን ቃል ሳያጐድል ይዞ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ቅኝት ያዜመዋል።

ይህን ያህል ፈጥኖ ለመያዝ የሚረዳው የግጥሙ አሠራር ነው። የወል ቤት የሚባለው ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የተከፈለ ሲሆን መጨረሻው ቤት ይመታል። ስለዚህ አዝማሪው የሚሸከመው ልኩን አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው። ሰምና ወርቅ ያለበት እንደ ሆነ ግን ጥንቃቄው ይበረታል፤ አንዲት ፊደል ያለ ቦታዋ ብትጠብቅ ወይም ብትላላ ወርቁ ይጠፋልና።

ይህ ልማድ የአእምሮ ፈተና ብቻ አይደለም፤ ቃልን በሚያመነጨውና ቃልን በሚያደርሰው መካከል ልዩነት ያቆማል። አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ እንደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1805–1840 ዓ.ም.) ባሉት ገዢዎች ግብር ላይ፣ በግልጽ የተነገረ ነቀፌታ ተናጋሪውን ለቅጣት ሊያበቃው ይችል ነበር። በግጥም ሲቀርብ ግን የሰጪው ድፍረት በጨዋታ፣ የአዝማሪውም ድምፅ በመልእክተኛነት ይሸፈናል። ይህ መከለያ የሚጸናው ሰሚው ሁሉ ደንቡን ያወቀና ያከበረ እንደ ሆነ ነው።

ደንቡን የማያውቅ ገዢ ሲመጣ የሆነውን 1929 ዓ.ም. ያሳያል። በየካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ እርሱ በመጋቢት ወር ወደ ሮማ ባስተላለፈው መልእክት ጠንቋዮች፣ ባለ ራእዮችና ታሪክ እየዘፈኑ የሚዞሩ ሰዎች የኢጣልያን አገዛዝ ውድቀት ያወራሉ ሲል ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙን፣ እስከዚያም ድረስ 70 ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል። ለዚህ አገዛዝ ቃልን ያመነጨና ቃልን ያደረሰ አንድ ነበሩ፤ መልእክተኛነትም ማንንም አላዳነም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ ግጥምን በጃዝ አጅቦ የማቅረብ ልማድ ተጀምሯል። በዚያ ገጣሚው ግጥሙን ራሱ አጥንቶ በራሱ ድምፅ ይናገራል፤ ሙዚቀኛው አጃቢ እንጂ ተቀባይ አይደለም። እንግዲህ የቃሉ ክብርም ዕዳውም በአንድ ሰው ላይ ያርፋል። በአዝማሪው ቤት ግን ሁለቱ ለሁለት ተከፍለው ይኖራሉ።

ከዚህ የተነሣ የቃል ግጥም የሚሰበስብ ተማሪ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በ«ተቀበል» የተዜመውን ሁሉ በአዝማሪው ስም ቢመዘግብ ሰጪውን ያስቀራል፤ አዝማሪውንም ባላለው ነገር ባለቤት ያደርገዋል። ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ በምን ቅኝት ተዜመ የሚለው አብሮ ካልተጻፈ ግጥሙ ይኖራል፤ ያቆየው ደንብ ግን ይቀበራል።