በቂ ምክንያት ያለው እምነት

ጎፋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው እንበል። እኩለ ሌሊት አልፏል፣ መብራት ጠፍቷል። አንድ ሰው በር ይገፋል፣ የቁልፉን ቀዳዳ ይነካካል። መቀርቀሪያው ሲለቅ የቤቱ ባለቤት በብረት ይመታዋል። የተመታው ግን በጨለማ ፎቅ የተሳሳተ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። ጥቃት አልነበረም፤ መቺው ግን ያለ መስሎታል።

በኒው ዮርክና በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች እንዲህ ያለው ሰው የሚመዘነው «ሪዝነብል ቢሊፍ» በሚባለው መለኪያ ነው። ጥቃት እንደመጣበት ከልቡ አምኖ ነበር ወይ? በእሱ ቦታና ሰዓት የነበረ ሌላ አስተዋይ ሰውስ እንደዚያው ያምን ነበር? ሁለቱም ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው።

ቃሉ በቀጥታ ቢመለስ «ምክንያታዊ እምነት» ይሆናል። እኔ «በቂ ምክንያት ያለው እምነት» የሚለውን እመርጣለሁ። «ምክንያታዊ» ስንል ረጋ ብሎ ያሰላሰለ ሰው ይታየናል፤ በጨለማ በሩ የሚገፋበት ሰው ደግሞ ፋታ የለውም። የሚፈለገው ለማመን የሚያበቃ ነገር ፊቱ ላይ መኖሩ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78፣ ሕጋዊ መከላከልን የሚደነግገው፣ መለኪያውን በዚህ ስም አይጠራውም። የሚጠይቀው ሕገወጥ ጥቃት መድረሱን ወይም ሊደርስ መቃረቡን፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት አለመቻሉንና የመከላከሉን ተመጣጣኝነት ነው። ስለዚህ የጎፋው ሰው በ78 ብቻ አይድንም። የሚያስፈልገው አንቀጽ 80 ነው፤ የነገሩን እውነተኛ ሁኔታ ተሳስቶ የተረዳ ሰው በተረዳው መጠን ይዳኛል ይላል። ነገር ግን ተገቢውን ጥንቃቄ ቢያደርግ ስሕተቱን ሊያስቀር ይችል ከነበረና ሕጉ ቸልተኝነትን የሚቀጣ ከሆነ፣ በቸልተኝነት ይጠየቃል።

ክርክሩ የሚያይለው እዚህ ላይ ነው። «ማነው?» ብሎ ጠይቋል? የውጪው ሰው መልስ ሰጥቷል? ጥበቃውን ለመጥራት ጊዜ ነበረው? ከዚያ በፊት በዚያው ብሎክ ቤት ተሰብሮ ያውቅ እንደሆነም ይታያል። በማግስቱ በብርሃን ቆሞ «ጎረቤትህኮ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ዳኛው ግን በዚያች ቅጽበት በሩ ኋላ መቆም አለበት።

ፍርሃት ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 በርንሃርድ ጌትስ የተባለ ሰው በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ አራት ጥቁር ወጣቶችን በጥይት አቆሰለ። የግዛቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1986 የተከሳሹ የግል እምነት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ወሰነ። በ1987 ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ከግድያ ሙከራው ነፃ አድርገው፣ ጥፋተኛ ያሉት በሕገወጥ የጦር መሣሪያ ይዞታ ነው። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እኛንም ይመለከተናል፤ የሰው መልክ፣ ቋንቋ ወይም አለባበስ ለመምታት የሚያበቃ ምክንያት ሆኖ መቆጠር የለበትም።

የጎፋው ሰው ጎረቤቱ ከወደቀ በኋላም መምታቱን ከቀጠለ ነገሩ ይለወጣል። ጥቃት ያለ የመሰለው ሰው እንኳ ከመጠን አልፏል፤ ሞት ከተከተለ አንቀጽ 541 እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። ከመጠን ያለፈው ጥቃቱ ባሳደረበት ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ግን፣ በአንቀጽ 79 መሠረት ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ላይቀጣው ይችላል።